የባሕር ሙላት ስንት ሰዓት ይደርሳል? ከሐዋሳ ለተነሱ ጥያቄዎች መልስ

ዓመታት መርከብ ላይ ሠርቼ ነው ሐዋሳ የገባሁት። ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት፣ ማለትም የባሕር ውሃ በዋናነት በጨረቃ ስበት ከፍና ዝቅ ስለማለቱ፣ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐይቃችንም እንደ ባሕር ይሞላል? ከሰዓት በኋላ ውሃው ዳር ሲገፋ አያለሁ።

ያየኸው የንፋስ ሥራ ነው። ጨረቃ ሐይቁንም ትስባለች፤ ግን ትንሽ ስለሆነ ለውጡ በዓይን አይለይም። ታላላቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች እንኳ በዚህ ምክንያት ከፍ የሚሉት ከ5 ሴንቲሜትር በታች ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ባለፈው ሳምንት ውሃ የሞላበት ዳርቻ፣ ዛሬ በዚያው ሰዓት ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ አለኝ። ይሆናል እንዴ?

ይሆናል እንጂ! መሬት አንዴ ስትዞር ጨረቃም ትንሽ ወደፊት ሄዳለች። መሬት እስክትደርስባት 50 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ በዚያው ልክ ይዘገያል። በ7 ቀን ወደ 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ከሙላት እስከ ጉድለትም ያለው ጊዜ ይኸው 6 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ሙላት በነበረበት ሰዓት ጉድለት ይመጣል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈው የሙላት ሰዓት ወንዙ ውስጥ ላለው ወደብም ይሠራል?

በፍጹም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙላት የሚጓዝ ረጅም ማዕበል ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው። 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ውቅያኖስ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። 10 ሜትር ሲሆን ወደ 36 ይወርዳል። ወንዝ ውስጥ ደግሞ ከታች አሸዋው ይይዘዋል፣ ከላይ የሚወርደው ውሃ ይገፋዋል። በቴምዝ ወንዝ አፍ ሳውዝኤንድ ላይ ውሃው ከሞላ በኋላ ለንደን ድልድይ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ደግሞ መሙላቱ ያጥራል፣ መጉደሉ ይረዝማል። ቀስ ብሎ ይጎድልና ግር ብሎ ይመጣል። ጀልባ ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ጥያቄ፦ ውሃው ሞልቶ ሲያበቃ ጅረቱም (ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚፈሰው የባሕር ውሃ) ይቆማል?

ሁልጊዜ አይደለም። መልሕቅ የጣለች መርከብ አፍንጫዋን ውሃው ወደሚመጣበት ታዞራለች። አንዴ መልሕቅ ጥለን ቆመን የሙላት ሰዓት ሠንጠረዡ «ሞልቷል» ሲል፣ መርከባችን አፍንጫዋን ገና ወደ ባሕሩ እንዳዞረች ነበር። ውሃው አሁንም ወደ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። በጠባብ በር ላይ ይህ ይብሳል። በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ጉቤት የሚባል ውሃ አለ፤ በሩ ላይ ጅረቱ ኃይለኛ ነው። እዚያ ለመግባት የሙላቱን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ጅረቱ የሚዞርበትን ሰዓት ጠይቁ።