ጨዋማ ጉድጓድን በሶላር ማጣራት ላሰበ፦ ከፓኔሉ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በአፋር ቆላ ቀበሌያችሁ ውስጥ የተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ጨዋማ ሆነባችሁ፤ አንድ ድርጅት በሶላር የሚሠራ ማጣሪያ እተክላለሁ ብሏል። ለአንድ ሺህ ሰው ስንት ፓኔል ይበቃል፣ ባትሪስ ያስፈልጋል ወይ ነው ያልከው። ዓረብ አገር ሳለሁ የእርሻ ጉድጓድ በሚያጣራ አርኦ (ውሃውን በግፊት በስስ ወንፊት አሳልፎ ጨዉን የሚያስቀር ማሽን) ላይ ሠርቻለሁ። ከተመለስኩ ወዲህም እዚሁ ቆላው ውስጥ ትንንሾቹን እተክላለሁ፣ እጠግናለሁ።

ፓኔሉን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ የውሃው የላብራቶሪ ውጤት ይምጣ። "ጨዋማ ነው" ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ፍሎራይዱ፣ ሲሊካው፣ ካልሲየሙ፣ ብረቱ ስንት ነው? ውሃው ሲወጣ ስንት ዲግሪ ነው? በስምጥ ሸለቆ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ ያለበት ጉድጓድ ሞልቷል። ጥርስ ያበላሻል፤ የወንጂንና የመቂን ሰው ጥርስ ያየ ያውቀዋል። ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይብስበታል። አርኦ ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል።

ሲሊካው ሌላ ጣጣ ነው። እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የቆየ ውሃ ሲሊካ ይበዛበታል፤ ሜምብሬኑ (የአርኦው ስስ ወንፊት) ላይ አንዴ ከጋገረ በተለመደው የአሲድ እጥበት አይለቅም። የውሃውን ሙቀት ደግሞ ሻጮች ብዙ ጊዜ አያነሱትም። የተለመደው ሜምብሬን የሚችለው እስከ 45 ዲግሪ ነው። በናንተ አካባቢ ከዚያ በላይ ሞቆ የሚወጣ ጉድጓድ አለ። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ በገንዳ አድሮ መቀዝቀዝ አለበት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ጨዉ በሊትር 4 ግራም ገደማ፣ የሚሳብበት ጥልቀት 100 ሜትር ነው እንበል። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው 20 ሊትር ቢደርስ በቀን 20 ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል። ከሚገባው 60 በመቶው ተጣርቶ ቢወጣ 33 ሜትር ኩብ መሳብ አለባችሁ። ለመሳቡ ወደ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በ12 ባር ግፊት ለማጣራቱም ያንኑ ያህል። ብክነቱን ጨምረህ 40 በለው። በቆላችን አንድ ኪሎዋት ፓኔል በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሰጥ በወረቀት 10 ኪሎዋት ይበቃል። ያለ ባትሪ ከሆነ ግን የጠዋትና የማታው ደካማ ፀሐይ ግፊቱን አያደርስም። ስለዚህ እኔ ብሆን ወደ 14 ኪሎዋት እወስደዋለሁ፤ ባለ 550 ዋት ከሆነ 25 ፓኔል ገደማ ነው።

ባትሪውን ተዉት። በዚያ ሙቀት ዕድሜው ያጥራል፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነው። በእሱ ፋንታ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያቆይ ሮቶ ወይም ገንዳ ግዙ። ፀሐይ ሲኖር ውሃውን ሙሉት፤ ሲደምን ከዚያ ቅዱ።

የባሕር ውሃ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ከጨዋማ ጉድጓድ ጋር አታምታታው። በሊትር 35 ግራም ጨው አለው። ከ55 እስከ 70 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ በሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። "በንፋስ ይሠራል" የሚባለው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአውስትራሊያው የፐርዝ ማጣሪያም ቢሆን ከንፋስ ተርባይኖቹ ጋር በቀጥታ አልተያያዘም። የንፋስ እርሻው ኃይሉን ለኤሌክትሪክ መስመሩ ይሸጣል፣ ማጣሪያው ከመስመሩ ይወስዳል፤ ሌት ተቀን መሥራት የቻለውም ለዚህ ነው። እናንተ መስመር የላችሁም፤ ማጣሪያችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆማል።

ብዙዎቹ ማሽኖች የሚበላሹትም እዚህ ላይ ነው። ማታ ሲቆም ሜምብሬኑ ውስጥ የሚቀረው የተከማቸ ጨዋማ ውሃ ሌሊቱን ይጋግራል። በየምሽቱ በተጣራው ውሃ መታጠብ አለበት፤ ይህን በራሱ የሚያደርግ ቫልቭ ውሉ ውስጥ ይግባ። ቦታውን አልጠቅስም እንጂ ለጥቂት ሊትር ቁጠባ ሲባል እጥበቱ ተቋርጦ ሜምብሬኖቹ በሙሉ የተጣሉበትን ማጣሪያ ፈትቼ አይቻለሁ። ክሎሪንም ከሜምብሬኑ በኋላ ነው የሚጨመረው፤ በፊት ከገባ ያቃጥለዋል።

ሁሉንም ውሃ አታጣሩ። ቦኖው ላይ ሁለት ቧንቧ ይኑር፤ አንዱ የተጣራው ለሰው፣ አንዱ ጥሬው፣ ፍሎራይዱ ካልበዛ ለልብስና ለከብት። ግመልና ፍየል እኛ የማንጠጣውን ይጠጣሉ። ችግሩ ጨው ብቻ ከሆነ ደግሞ የተጣራው ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ጥሬ ውሃ ቀላቅሉ። ጨዉ በሊትር ግማሽ ግራም አካባቢ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይሻላል፣ ማሽኑም ያርፋል። ፍሎራይድ ካለ ግን ሳይለካ መቀላቀል የለም።

ከማጣሪያው ስለሚጣለው ጨዋማ ዝቃጭ ድርጅቱ ምን አለ? በቀን 13 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ጨዉ ሁለት እጥፍ ተኩል የሆነ ውሃ ይወጣል። ሜዳ ላይ ከተለቀቀ ግጦሹን ይገድላል፤ ወደ ጉድጓዱ አካባቢ ከሰረገም ውሃችሁን ያበላሻል። ፕላስቲክ የተነጠፈበትና የታጠረ፣ ቢያንስ 2 ሺህ ካሬ ሜትር የሚሆን ማትነኛ ኩሬ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚቀረውን ጨው እንደ አፍዴራ ጨው እንሽጠው የሚል አይጠፋም። ፍሎራይዱም እዚያው ተከማችቷልና አይሆንም።

የመጨረሻው የመለዋወጫ ነገር ነው። የካርትሪጅ ፊልተር በየጥቂት ወሩ፣ ጋገራውን የሚከላከለው ኬሚካል ሁልጊዜ፣ ሜምብሬን ደግሞ በደህና ከተያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት አንዴ ይገዛል። ሁሉም በዶላር ነው የሚመጣው። ድርጅቱ የሁለት ዓመት ፊልተርና ኬሚካል አብሮ እንዲያስረክብ፣ ከቀበሌው ሁለት ወጣቶችን እንዲያሠለጥን በጽሑፍ ይግባ። ከየጀሪካኑ ሽያጭ የሚሰበሰበው ገንዘብም የዘበኛ ደሞዝ ብቻ ሳይሆን ሜምብሬን የሚገዛ መሆኑን ከወዲሁ አስሉ። የላብራቶሪውን ውጤት ስታገኝ እዚሁ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።