ማይግሬንና በኤም አር አይ የታዩት ነጫጭ ነጥቦች፦ ለአዘዞዋ እህታችን

እህቴ፣ «እናቴ 46 ዓመታቸው ነው፤ ማይግሬን የሚባለው እየተመላለሰ የሚነሣ ከባድ ራስ ምታት አለባቸው፤ በወር ከ20 ቀን በላይ ያማቸዋል፤ ኤም አር አይ (በማግኔት የሚነሣ የአንጎል ምስል) ሲነሡ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ ተባለ፤ አንጎላቸው እየተበላሸ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። ከነጥቦቹ ይልቅ በወር ስንት ቀን ማስታገሻ እንደሚውጡ ያሳስብሽ።

ነጥቦቹ የሚታዩት የነርቭ ክሮች በሚያልፉበት በነጩ የአንጎል ክፍል ነው። በደቃቅ የደም ሥሮች ዙሪያ በጥቂቱ የተጎዳ ቦታ ኤም አር አይ ላይ ደምቆ ይወጣል። ማይግሬን የሌለበት ሰውም ዕድሜው ሲገፋ ያወጣቸዋል፤ ደም ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ደግሞ ያበዟቸዋል። በኔዘርላንድስ ሰዎችን ለ9 ዓመት ያህል የተከታተለና በ2012 የወጣ ጥናት ነጥቦቹ ማይግሬን ካለባቸው ሴቶች በ77 ከመቶው፣ ከሌለባቸው በ60 ከመቶው ጨምረው አገኘ። የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ግን ከሌሎቹ የባሰ አልወረደም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ሲቲ ስካን (በራጅ ጨረር የሚነሣው ምስል) ጥቃቅኖቹን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ «አምና በሲቲ ንጹሕ ነበሩ፣ ዘንድሮ መጣባቸው» ማለት አያስኬድም።

የነርቭ ሴሎች የሚገኙበት ግራጫው የአንጎል ክፍልም ይለወጣል። ሕመም በሚመዝኑ ቦታዎች መጠኑ ቀነስ ብሎ ይገኛል። ይህ የግድ የሴሎች ሞት ማለት አይደለም፤ አንጎል በሚደጋገምበት ነገር ቅርጹን ያስተካክላል፣ ነገሩ ሲቀር ደግሞ ሊመልሰው ይችላል። ማስታገሻ በማብዛት በመጣ ራስ ምታት ላይ በተደረገ ጥናት፣ መድኃኒቱን ትተው በተሻላቸው ሰዎች መካከለኛው አንጎል ላይ፣ ከላይ ካልኩት በተቃራኒ በሕመሙ ጊዜ ጨምሮ የነበረው ግራጫ ክፍል ቀንሶ ታይቷል። ተስፋ የምሰጥሽ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ማይግሬን ሥር ሰደደ የሚባለው ራስ ምታቱ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከ3 ወር ለሚበልጥ ጊዜ ሲቆይና ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን ጠባይ (ለምሳሌ በአንድ ወገን መምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት) ሲኖረው ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀን፣ ትራማዶል፣ ኤርጎታሚን ወይም ካፌይን የተቀላቀለበት ማስታገሻ ደግሞ 10 ቀን ከደረሰና ለወራት ከቀጠለ ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። የሚቆጠረው የኪኒኑ ብዛት ሳይሆን የተወሰደበት ቀን ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማስታገሻው ሲቆም ሕመሙ ከ2 እስከ 10 ቀን ሊብስ ስለሚችል «አልሠራም» ብለው እንዳይመለሱበት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ትራማዶል ግን በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ሐኪም እያየ ይቀነሳል።

መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ ሐኪሙ ይመርጣል። አሚትሪፕቲሊን ብዙውን ጊዜ ማታ በ10 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ እንቅልፍና የአፍ ድርቀት ያመጣል። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሰጥም። ሁለቱም ለውጥ ለማሳየት ከ2 እስከ 3 ወር ይፈልጋሉ፤ በሁለት ሳምንት ተስፋ ቆርጦ መተው የተለመደ ጥፋት ነው።

ቡናን ሙሉ በሙሉ አትከልክያቸው፤ አንድ ቀን አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሌላ ቀን ምንም ሳይጠጡ መዋል ነው ራስ ምታት የሚያስነሣው። በቀን አንድ ሲኒ፣ በተወሰነ ሰዓት ይሁን። የዕጣኑ ጭስ ከቀሰቀሰባቸው ለጊዜው ይቅር። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየትም ስለሚቀሰቅስ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ።

ከሕመሙ በፊት ብልጭታ ወይም የተቆራረጠ መስመር ያዩ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ይህ ኦራ ይባላል፤ ካለባቸውና ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚወስዱ ከሆነ ለስትሮክ ያጋልጣልና ለሐኪሙ ሳይናገሩ አይቅሩ። የደም ግፊታቸውንም አስለኩ፤ ነጥቦቹ እንዳይበዙ በእጃችሁ ያለው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የንግግር መያዝ፣ ወይም ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ወዲያው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ያለዚያ ለቀጠሮው የአንድ ወር ደብተር ያዙ፦ ያመመበት ቀን፣ የተወሰደው መድኃኒት፣ የወር አበባ፣ እንቅልፍ። የኪኒኖቹን ካርቶንም ሳትጥዪ አብረሽ ውሰጂ።