ማሲንቆ በብርሃን ይቀረጻል?

ጥያቄ፦ ከተበላሸ የሶላር ፋኖስ የፈታሁትን ፓነል ከአምፕሊፋየር ጋር ባገናኘው ማታ አምፖል ሲበራ ያለማቋረጥ «እምም» ይላል። ወደ ማሲንቆዬ ሳዞረው ግን ዝም። በዚህ ነገር ድምፅ መቅረጽ ይቻላል? ምስልስ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ፓነሉ ደህና ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ የሰሙት እሱን ነው። በስልክ ባትሪ ቢያበሩበት ዝም ይላል።

ማሲንቆው እንዲሰማ ብርሃኑን ራሱ መነቅነቅ አለበት። 1 ሴንቲ ሜትር የምታህል የመስታወት ስባሪ በፕላስተር ቆዳው ላይ ይለጥፉ፤ ቆዳው በደንብ የሚያዘነብለው ከመሃልና ከጠርዙ መካከል ነው። የፀሐዩን ነጸብራቅ 2 ሜትር ርቆ ወዳለ መቀበያ ይምሩት፤ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1880 እ.ኤ.አ. ንግግርን በፀሐይ ብርሃን ያስተላለፈው በሚርገበገብ መስታወት ነበር።

ለዚህ ግን ፓነልዎ አይሆንም። ሴሎቹ በተርታ የተያያዙ ናቸው፤ ነጸብራቁ አንዷ ላይ ብቻ ሲያርፍ ጨለማ ውስጥ የቀሩት መንገዱን ይዘጉባታል። ቢፒደብሊው 34 (BPW34) የሚባል ፎቶዳዮድ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ባለሁለት እግር ዕቃ ይፈልጉ፦ ካቶዱ (ኔጌቲቭ እግሩ) ከ9 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ፣ አኖዱ (ፖዘቲቭ እግሩ) በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከኔጌቲቭ፤ ድምፁ ከአኖዱ በ1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ወደ አምፕሊፋየሩ ኦክስ (AUX) መግቢያ፣ የጃኩ ግራውንድ ከኔጌቲቩ። ዳዮዱ የነጸብራቁ መሃል ላይ ከተቀመጠ ምንም አይሰማም፤ ጠርዙ ላይ፣ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ያድርጉት። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ ደመናው አያሠራዎትም።

ምስል ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ዳዮድ የሚያውቀው የብርሃኑን ድምር ብቻ ስለሆነ ቦታውን በየተራ ማሳየት ግድ ነው። ካርቶን ላይ «ሀ»ን ቀድደው ላፕቶፕ ስክሪን ላይ ይለጥፉ፤ ክፍሉን ያጨልሙ። ስክሪኑን 16 በ16 ከፍለው አንድ ነጭ ካሬ በ256ቱም ቦታ ያዙሩ፤ ብርሃኑን 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ትይዩ የቆመ ኤልዲአር (ብርሃን ሲያርፍበት ተቃውሞው የሚቀንስ ሬዚስተር) በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና በአርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ይለካ። ንባቦቹን በየካሬያቸው ቦታ ሲደረድሯቸው ፊደሉ ይወጣል። ኤልዲአር ለድምፅ እጅግ ቀርፋፋ ቢሆንም እዚህ ይበቃል። በየካሬው ግማሽ ሰከንድ ይስጡት፣ በጠቅላላው 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ፤ ከተቸኮለ ፊደሉ ወደ ጎን ጅራት ያወጣል። የስክሪን ጥቁር ፍጹም ጥቁር ስላልሆነ አስቀድመው ሙሉ ጥቁሩን ለክተው ከእያንዳንዱ ንባብ ይቀንሱ።