ሜክሲኮ ላይ ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ይበላል? ጥያቄና መልስ

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ሜክሲኮ ቅርቤ ናት፤ እረፍት ሳገኝ የምሄደው ወደዚያ ነው፣ የምሄደውም በዋናነት ለመብላት ነው። «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በሜክሲኮ ምግብ ሀገርም ሰዓትም አለው። የሰሜኑ በሬና የስንዴ ቶርቲያ (ስስ ቂጣ) ነው፣ የደቡቡ በቆሎና ሞሌ (ወፍራም የቺሊ ወጥ)፣ የዩካታኑ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። የጠዋቱን ማታ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ብታገኙትም የተራረፈውን ነው። ስለዚህ «ምርጡ ምግብ ቤት የቱ ነው?» ለሚለው መልሴ ሁሌም «የት ከተማ? በስንት ሰዓት?» ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የአሳማ ሥጋ አልበላም። ሜክሲኮ ሄጄ በረሃብ ልሙት? (ከዴንቨር)

ኧረ አትሞትም። ግን ዓይንህን ክፈት። በጣም ስማቸው የሚጠራው አል ፓስቶር፣ ካርኒታስ፣ ቾሪዞ፣ ኮቺኒታ ፒቢል ሁሉም አሳማ ናቸው። ፖሶሌም (የበቆሎ ሾርባ) በአብዛኛው እንደዚያው ነው፤ የዶሮ ፖሶሌ ግን አለ። «ሬስ» በሬ ነው፣ «ቦሬጎ» በግ፣ «ቺቮ» ፍየል፣ «ፖዮ» ዶሮ። አሳማው «ፑዌርኮ» ወይም «ሴርዶ» ይባላል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሥጋው በሬ ቢሆንም ስቡ የአሳማ ሊሆን ይችላል። በሜክሲኮ ሲቲ የሱዋዴሮ ታኮ (ታኮ ማለት በቶርቲያ የሚጠቀለል ምግብ ነው) የበሬ ሥጋ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ሎንጋኒሳ ከሚባለው የአሳማ ቋሊማ ጋር እዚያው አንድ መጥበሻ ውስጥ ነው የሚበስለው። «ማንቴካ» የአሳማ ስብ ነው። የተፈጨ ቦሎቄ ውስጥ ይገባል፣ ታማሌ ሊጥ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ «ሥጋው ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ዬቫ ማንቴካ?» ብለህ ጠይቅ፤ ማንቴካ አለው ወይ ማለትህ ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልህ። ሴሲና የሚባለው በስሱ የተዘለዘለ ጨው ያለው ሥጋ፣ ሞሬሎስ ውስጥ ዬካፒክስትላ ከተማ ብትበላው በሬ ነው። ኦአሃካ ሄደህ በዚያው ስም ብታዝ በቺሊ የተለወሰ አሳማ ያመጡልሃል። እዚያ የበሬው ስም «ታሳሆ» ነው።

አሁን ወደ ደስ የሚለው። ሞንቴሬይ ሂድና ካብሪቶ ብላ፤ ወተት ያልተወ የፍየል ግልገል፣ በረጅም ብረት ተሰክቶ ፍም ዳር የሚጠበስ። ኤል ሬይ ዴል ካብሪቶ በዚህ የታወቀ ነው። ጓዳላሃራ የቢሪያ አገር ናት፤ ላስ 9 ኤስኪናስ ሰፈር ፍየሉንም በጉንም በመረቅ ይሰጡሃል። ሶኖራ በከሰል የተጠበሰ በሬ፣ ክንድ በሚያህል ስስ የስንዴ ቶርቲያ። ከሁሉ በላይ ግን ለሐበሻ የምመክረው የኢዳልጎን ባርባኮዋ ነው። በጉ ማጌይ በሚባል ተክል ቅጠል ይጠቀለላል፤ ማጌይ ቃጫ የሚወጣበት ተክል ዘመድ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ከሥሩ የተቀመጠው ድስት የሚንጠባጠበውን ጭማቂ ሁሉ ይሰበስባል፤ መረቁ እሱ ነው፣ ሽምብራም ይገባበታል። ሜክሲኮ ሲቲ ላላችሁ ሮማ ሱር ያለው ኤል ኢዳልጌንሴ አለ፤ የሚከፈተው ከዓርብ እስከ እሑድ ብቻ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ድረሱ።

እናቴን ይዤ በሁዳዴ ልሄድ ነው። ምን ትበላለች? (ከአትላንታ)

እናትህ ከምታስበው በላይ ይመቻታል፤ ትላኮዮ አለላት። ሞላላ የበቆሎ ቂጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ በቆሎ። ውስጡ የተፈጨ ባቄላ ነው፤ የኛው ባቄላ፣ «አባ» ይሉታል። ያለ ዘይት ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከላይ የተከተፈ ኖፓል ያደርጉበታል። ኖፓል የበለስ ተክል ቅጠል ነው፤ በትግራይ የምናውቀው በለስ መነሻው ሜክሲኮ መሆኑን እግረ መንገድህን ንገራት። «ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ» በል፤ አይብና ክሬም አይጨምሩም። የሚሸጡት ገበያ በር ላይ ምጣድ ዘርግተው የተቀመጡ እናቶች ናቸው፤ ከሬስቶራንት አትፈልገው።

የዱባ አበባ፣ እንጉዳይ፣ ዊትላኮቼ (በቆሎ ላይ የሚበቅል ጥቁር ፈንገስ፣ ስሙን ሳትነግራት አቅምሳት) ያለበት ኬሳዲያም (ተሞልቶ የታጠፈ ቂጣ) አለ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኬሳዲያ ያለ አይብ ይሠራል፤ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል በዚህ ይስቅባቸዋል፣ ለጿሚ ግን ጸጋ ነው። ዩካታን ከሄዳችሁ ሲኪል ፓክ አለ፦ የተቆላ የዱባ ፍሬ ከተጠበሰ ቲማቲም ጋር የተወቀጠ። ኦአሃካ ትላዩዳ (ትልቅ ደረቅ ያለ ቶርቲያ) ካዘዛችሁ «ሲን አሲየንቶ» ማለት እንዳትረሱ፤ አሲየንቶ ቶርቲያው ላይ የሚቀባው የአሳማ ስብ ነው። ሞሌ ይቅርባት። አትክልት ቢመስልም በዶሮ መረቅ ነው የሚቀጥነው።

እነሱም ጾም አላቸው። በዚያ ሰሞን ዓርብ ዓርብ ሥጋ የሌለው ምግብ በየቦታው ታገኛላችሁ፤ ዓሣ፣ እንቁላልና አይብን ግን እንደ ሥጋ አይቆጥሩትም፣ ይበሉታል።

የአሜሪካው ታኮስ? (ከዳላስ)

ጠንካራ ቅርፊት፣ ቢጫ አይብ፣ የተፈጨ ሥጋ ከከሙን ጋር፦ እሱ የአሜሪካ ልጅ ነው። አልሰድበውም፣ ርቦኝ ያውቃል። ናቾስ ግን ድንበሩ ላይ ፒየድራስ ኔግራስ ነው የተወለደው፤ ሲዛር ሳላድም የቲህዋና ነው።

ኦአሃካ ወይስ ፑዌብላ? አንዱን ብቻ ነው የምችለው። (ከስቶክሆልም)

ኦአሃካ። ሳላቅማማ።

ምክንያቴ ሞሌ ነው። ኦአሃካ ሰባት ሞሌ አላት ይባላል፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ኮሎራዲቶ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቺቺሎና ማንቻማንቴሌስ። ጥቁሩን ለመሥራት የደረቀው ቺሊ ሊቃጠል እስኪል ይጠቆራል፣ ፍሬውም እንዲሁ። ከዚያ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ትንሽ ቸኮሌት። ሁሉም ለየብቻ ተጠብሶና ተፈጭቶ ቀስ እያለ ይንተከተካል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያቁላላች እጅ ትዕግሥቱን ታውቀዋለች። «የቸኮሌት ወጥ» የሚሉትን አትስሚ፤ ቸኮሌቱ ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት 20 ዴ ኖቪየምብሬ ገበያ ግቢ። አንድ መተላለፊያ አለ፣ ጭስ ብቻ። ግራና ቀኝ ታሳሆ በሰፊው ተዘልዝሎ ተሰቅሏል። ሥጋውን ከአንዷ ትመርጫለሽ፣ እዚያው ከሰል ላይ ትጥለዋለች። ሽንኩርትና ቃሪያውን ከሌላ ሰው፣ ቶርቲያውን ከሦስተኛ፣ አቮካዶና ሳልሳውን ከአራተኛ። ሁሉም ለየራሱ ይከፈላል። መጀመሪያ ግራ ይገባሻል፣ በኋላ ሒሳቡ ከሁሉም አቅጣጫ ሲመጣ ትስቂያለሽ። ልብስሽ ሁለት ቀን ጭስ ይሸታል። እሑድ ደግሞ ትላኮሉላ ገበያ፤ የፍየል ባርባኮዋ አለ።

ፑዌብላን የምመርጠው በነሐሴና በመስከረም ብቻ ነው። ያኔ ቺሌስ ኤን ኖጋዳ ይደርሳል፦ በሥጋና ፍራፍሬ የተሞላ ትልቅ ቃሪያ፣ ከላይ ነጭ የዋልነት መረቅ፣ ቀይ የሮማን ፍሬ፣ አረንጓዴ ፓርስሊ። የባንዲራቸው ቀለም ነው። ሙሊቱ ብዙ ጊዜ አሳማ አለበትና ጠይቂ።

እውነት የሜክሲኮ ቃሪያ ከኛ በርበሬ ይበልጣል? (ከአዲስ አበባ)

የበርበሬያችን ዘር መነሻው እዚያ ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው ከአሜሪካ አህጉር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው። ስለዚህ ፉክክሩ ከአያት ጋር ነው።

አብዛኛው ሳልሳ ለሐበሻ ቀልድ ነው። ጓሂዮና አንቾ የሚባሉት የደረቁ ቃሪያዎች የሚገቡት ለቀለምና ለጣዕም እንጂ ለማቃጠል አይደለም። ሃላፔኞ የማቃጠል ልክ በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ነው። የዩካታን አባኔሮ ግን ከ100,000 ይጀምርና 350,000 ይደርሳል። ሜሪዳ ላይ ሽኒፔክ የሚባል፣ አባኔሮ ያለበት ግን የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ ብቻ የሚመስል ነገር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። «እኔ ሚጥሚጣ ያደግኩበት ነው» ብሎ በማንኪያ የጎረሰ ወዳጄ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል ባቡር ጣቢያ አለ የሚሉት እውነት ነው? (ከለንደን)

እውነት ነው። የሜትሮ መስመር 3 ላይ ነው፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይን ያገኘችው፣ እነሱም የኢትዮጵያን አደባባይ የሰየሙት ከዚያ ወዳጅነት ነው። ንጉሡ ኃይለ ሥላሴም በ1954 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል።

ፎቶ ተነሥተህ እንዳትመለስ ግን። ጣቢያው አጠገብ ያለው ናርቫርቴ የታኮ ሰፈር ነው። ኤል ቪልሲቶ በእግር ይደረሳል፤ ቀን መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ነው፣ ማታ ታኮ ቤት ይሆናል። ከማታው 2 ሰዓት በኋላ ሂድ። አሳማ የምትበላ ከሆነ አል ፓስቶሩን እዘዝ። ሥጋው እንደ ሊባኖሶቹ ሻዋርማ ቆሞ ይሽከረከራል፤ ሙያው ወደ ሜክሲኮ የመጣው ከመካከለኛው ምሥራቅ በተሰደዱ ሰዎች ነው፣ በፑዌብላ በኩል። ቆራጩ ሥጋውን ይሸልትና ቢላውን ወደ ላይ ወርወር ያደርጋል፤ ከአናቱ ያለው አናናስ ቁራሽ በአየር መጥቶ ታኮው ላይ ያርፋል። አሳማ የማትበላ ከሆነ የበሬውን እዘዝ፣ ትርኢቱን በነፃ እይ።

ሚሽሊን ኮከብ (ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን) ያገኘችው ታኮ ቤት ዝርዝርህ ውስጥ ትገባለች? (ከሲያትል)

ኤል ካሊፋ ዴ ሌዮን፣ ሳን ራፋኤል ሰፈር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው ያገኘችው። ቆመህ የምትበላባት ጠባብ ቤት ናት። ጋዎኔራው ስስ የበሬ ፊሌቶ፣ ጨውና ሎሚ፣ አበቃ። ጎበዝ ታኮ ነው። እዚያው ምጣድ ላይ የአሳማ ቹሌታም እንደሚጠበስ እወቅ። ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ ግን እኔ አልቆምም፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ሌሎች ሦስት ታኮ ቤቶች አዳርሳለሁ።

ጥሬ ሥጋ አለ? (ከላስ ቬጋስ)

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሚቾአካን አካባቢ ካርኔ አፓቼ አለ፤ የተፈጨ ጥሬ የበሬ ሥጋ በሎሚ፣ ከሽንኩርትና ቃሪያ ጋር በደረቅ ቶርቲያ ላይ። ቁርጥ ግን አትጠብቅ፣ ሎሚው ብዙ ነው። ባሕር ዳር ከሄድክ የሲናሎዋ አግዋቺሌ ይበልጥብኛል፦ ጥሬ ሽሪምፕ በሎሚና በአረንጓዴ ቃሪያ ውኃ ወዲያው ተነክሮ ወዲያው የሚበላ። ሁለቱንም ሰው በሚበዛበት ቤት ብቻ።

ቶርቲያቸው ለምን ልዩ ሽታ አለው? ቤቴ ስሞክር አይመጣም። (ከሜልበርን)

ኖራ ነው ሚስጥሩ። በቆሎው በኖራ ውኃ ይቀቀላል፣ እዚያው ያድራል፣ ታጥቦ እርጥቡን ይፈጫል። ኖራው ሽፋኑን ያላቅቀዋል፣ ሊጡን ያያይዘዋል፣ በቆሎ ውስጥ ተቆልፎ ያለውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይለቅቀዋል። በቆሎው ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ዘዴ አብሮ አልሄደም፤ በቆሎ ብቻ የሚበሉ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቁ። ተራ የበቆሎ ዱቄት ገዝተሽ ከሆነ አይሆንልሽም። «ማሳ አሪና» የሚል ከረጢት ፈልጊ፤ ኖራው ያለፈበት ነው። ኦአሃካ ከሄድሽ ኢታኖኒ ግቢ፤ በየአካባቢው የሀገር በቆሎ ነው የሚጋግሩት፣ ቀለሙም ጣዕሙም ይለያያል።

ሆድ እንዳይታመም? (ከሦስት ሰው)

የቧንቧ ውኃ አትጠጡ። ሥጋው ዓይናችሁ እያየ የሚጠበስበት፣ ሰልፍ ያለበት ቦታ ብሉ። ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ሳልሳ እለፉ። ምሳቸው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ያኔ የሚበላ ትኩስ ነው።

ቡናስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ካፌ ዴ ኦያ ቀረፋና ጥቁር ስኳር ያለበት የሸክላ ቡና ነው፤ ለጠዋት ብርድ ጥሩ ነው። የቡናውን ጣዕም ብቻ የምትፈልጊ ከሆነ ግን የቬራክሩዝን ኮአቴፔክ ወይም የቺያፓስን ፈልጊ። ቬራክሩዝ ወደብ ግራን ካፌ ዴ ላ ፓሮኪያ ገብተሽ «ሌቼሮ» በይ። ረጅም ብርጭቆ ከታች ወፍራም ቡና ይዞ ይመጣል። ወተት የፈለገ ብርጭቆውን በማንኪያ ይመታል፤ አዳራሹ ሙሉ ቂል ቂል ነው። አስተናጋጁ ማንቆርቆሪያውን ይዞ መጥቶ ከላይ ረጅም አድርጎ ይቀዳዋል።

አንቺ ያለሽበት አካባቢ ደግሞ ታኮ ፍለጋ ብዙ አትድከሚ። ከላቲኖው ብዙው ሳልቫዶራዊ ነው፣ ፑፑሳ ብዪ። ታኮ ካማረሽ ወደኛ ሎስ አንጀለስ ነዪ፤ ከፌርፋክስ ሐበሻ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ኮሪያታውን ውስጥ ጌላጌትሳ አለ፣ የኦአሃካ ሞሌ።

ሙስሊም ነኝ፣ አንድ ሳምንት አለኝ። ሜክሲኮ ሲቲ፣ ኦአሃካ፣ ሜሪዳ፣ ጓዳላሃራና ቲህዋና አቅጃለሁ። (ከዱባይ)

አውሮፕላን ጣቢያ ሳንድዊች ልትበላ ነው? ሁለቱን ምረጥ። ሜክሲኮ ሲቲ አራት ቀን፣ ኦአሃካ ሦስት። ሙስሊም ነኝ ስላልክ ሐላል የታረደ ማግኘት ይከብዳልና ወደ ዓሣ አዘንብል፤ «በምን ዘይት ነው የተጠበሰው?» ብለህ ግን ጠይቅ። ኮንትራማር ሮማ ሰፈር ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ተቀብቶ የሚጠበሰው ሙሉ ዓሣና የቱና ቶስታዳው (ቱና ዓሣ በደረቅ ቶርቲያ ላይ) ያስመጣሃል። ዋናው የምሳ ቤት ነውና ለእራት አታስበው። ቦታ ከሳምንታት በፊት ያዝ፤ ካልተሳካ በሩ ሲከፈት 6 ሰዓት ላይ ቁም፣ ብቻህን ከሆንክ አንድ ወንበር አይጠፋም።