የዛፍ ሽኮኮና የእሳት እራት፦ ባዶው ቦታ ላይ ምን ይጻፍ?

ልጅዎ የዛፍ ሽኮኮንና የእሳት እራትን በምደባና በጥበቃ ደረጃ እንዲያነጻጽር ታዞ፣ የእሳት እራቷን የዝርያዎችን የመጥፋት ስጋት በደረጃ በሚያሰፍረው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ስላጣት «ስጋት የለባትም» ብሎ ይጻፍ ወይ ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ እንዳይጽፍ። እዚህ ሐዋሳ ባዮሎጂ ሳስተምር ይህ መልስ በየዓመቱ ይመጣልኛል፤ አንድም ጊዜ ዝም ብዬ አላለፍኩትም።

ምደባው አያስቸግርም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስፍነ እንስሳት ብቻ ነው፤ ከክፍለስፍን ጀምሮ ይለያያሉ። ሽኮኮው በክፍለስፍን ኮርዳታ፣ በመደብ አጥቢ፣ ከአይጥ ጋር ሮደንሺያ በሚባለው ክፍለመደብ ውስጥ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ። የእሳት እራቷ አርትሮፖዳ፣ ከነፍሳት መደብ፣ ከቢራቢሮ ጋር ሌፒዶፕቴራ ውስጥ ናት። ማታ በረንዳ መብራት ላይ ያረፈችውን ክንፏን በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ይንካ። ጣቱ ላይ የሚቀረው ዱቄት መሳይ ነገር እጅግ ደቃቅ ቅርፊት ነው፤ የክፍለመደቡ መለያም እሱ ነው።

ዋናው ጉዳይ የጥበቃ ደረጃው ነው። ደረጃ የሚሰጠው ለዝርያ ነው። የእሳት እራት የሚባሉት ደግሞ ወደ 160,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው፤ ስለዚህ መምህሩ የትኛዋን እንዳሉ አስቀድሞ ይጠየቅ። በአገራችንም የሚገኘው የጋምቢያ የፀሐይ ሽኮኮ «እምብዛም የማያሳስብ» ተብሏል። ይህ ባለሙያዎች ስርጭቱንና የሚደርስበትን ጫና አይተው የሰጡት ፍርድ ነው። አጥቢዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተገምግመዋል፤ ከነፍሳት ግን የተገመገሙት እጅግ ጥቂት ናቸው። የእሳት እራቷ ስም መታጣት የሚነግረን ማንም እንዳልገመገማት ብቻ ነው።

በእሳት እራቶች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚሰፋ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። በቆሎአችንን የሚያወድመው የአሜሪካ ተምች የእሳት እራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ገብቶ በጥቂት ጊዜ ተዛመተ። በፊጂ ኮኮናት የምታጠቃው ሌቩዋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 ጥገኛ ዝንብ ከተለቀቀባት በኋላ ተመናምና፣ በመዝገቡ ላይ «የጠፋች» ተብላ ሰፍራለች። ባዶ ቦታ ብቻውን አንዲት ዝርያ ወደ የትኛዋ እንደምትቀርብ አይናገርም፤ ልጆቻችን ይህን ገና በትምህርት ቤት ቢያውቁት እጅግ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ልጅዎ የመረጣትን ዝርያ ሙሉ ሳይንሳዊ ስም ይጻፍ፣ መዝገቡን ያየበትን ቀን ያስፍር፣ ስሟን ካጣ «ያልተገመገመች» ይበል። «መረጃ የጎደላት» የሚለው ሌላ ደረጃ ነው፤ እሱ የሚሰጠው ተገምግማ መረጃው ለፍርድ ሳይበቃ ሲቀር ነው።