ጥያቄና መልስ፦ በገዛ ሕግ ታስሮ ፖኬሞን መጫወት

የዚህ እትም የጌም ገጻችን ደብዳቤዎች በሙሉ ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጠይቁት ስለ ናዝሎክ ነው። ላልሰማ አንባቢ፦ ናዝሎክ የፖኬሞን (ፍጡራንን እየያዙ የሚያዋጉበት ጌም) ተጫዋቾች በራሳቸው ላይ የሚጥሉት ሕግ ሲሆን፣ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ፖኬሞን ሩቢ ኢንተርኔት ላይ በወጣ የኮሚክ ሥዕል ነው። መሠረቱ ሁለት ነው። በየአካባቢው መጀመሪያ ያጋጠመህን ፖኬሞን ብቻ ትይዛለህ፤ ካመለጠህ ወይም ከጣልከው ከዚያ አካባቢ ሌላ የለህም። ኤችፒው (የሕይወት ነጥቡ) 0 የገባ ፖኬሞን ደግሞ ሞቷል፤ ሪቫይቭ (የወደቀን የሚያስነሣ ዕቃ) አይሰጠውም፣ ወደ ቡድኑም አይመለስም። ለያዙት ሁሉ ስም ማውጣት ዛሬ እንደ ሦስተኛ ሕግ ይቆጠራል። ጌሙ ይህን አያውቅም፤ ዳኛው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፋየርሬድ የተባለውን የፖኬሞን ጌም በናዝሎክ ጀምሬ በመጀመሪያው ጂም (የውጊያ ቤት) መሪው ብሮክ ደጋግሞ አሸነፈኝ። የምመርጠው ቻርማንደርን ነው። ሜታል ክሎው የሚባለውን ጥቃት በሌቭል 13 ይማራል ስለተባልኩ እስከዚያ አሳድጌው ነበር። ዕድሌ ነው እንዴ? (እህታችሁ፣ ከቦሳ ቂጦ)

መልስ፦ ዕድልሽ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። በተፈጥሮ የሚሰጠውን የተደበቀ ነጥብ 0 ብለን ብንይዝ፣ ሌቭል 13 ላይ ያለ ቻርማንደር 33 ኤችፒ አለው። የብሮክ ኦኒክስ ሌቭሉ 14 ነው፤ ሮክ ቶም የሚባለውን የድንጋይ ጥቃት ሲወረውርበት ከ22 እስከ 26 ይቀንስበታል። ስለዚህ አንዱን ይችላል፣ ሁለተኛውን አይችልም። የመጀመሪያው ክሪቲካል (በዕድል የሚጠነክር ምት) ከሆነ ደግሞ በዚያው ይሞታል፤ በዚህ በሦስተኛው ትውልድ ጌሞች ክሪቲካል ጉዳቱን 2 እጥፍ ያደርገዋል፣ የመከሰት ዕድሉም ከ16 አንድ ነው።

አሁን የአንቺን ጥቃት እንይ። ሜታል ክሎው በድንጋይ ዓይነት ላይ እጥፍ ቢሆንም የኦኒክስ መከላከያ የትየለሌ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ምት የሚቀንሰው ከ6 እስከ 8 ብቻ ነው። የእሳት ጥቃቱ ኤምበር ደግሞ 5 ወይም 6። ኦኒክስም 33 ኤችፒ አለው። በአምስት ምት የሚወድቅን ጠላት በሁለት ምት የሚወድቅ ይዞ መግጠም ማለት ነው። ሮክ ቶም ከ100 ውስጥ 80 ጊዜ ብቻ ስለሚመታ አንዳንዴ ተርፎ የሚያሸንፍ ይገኛል፤ «ቻርማንደር ይበቃል» የሚለው ወሬ የመጣውም ከእነዚያ ይመስለናል።

መፍትሔው ከቪሪዲያን ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው ሩት 22 የሚባለው መንገድ ነው። እዚያ ማንኪ የሚባል ፖኬሞን ይገኛል። የጥቃቱ የሎው ኪክ ኃይል የሚወሰነው በተመቺው ክብደት ነው፤ ኦኒክስ 210 ኪሎ ስለሆነ ኃይሉ ጣሪያ ነክቶ 120 ይሆናል። ሌቭል 13 ያለ ማንኪ በአንድ ሎው ኪክ ከ25 እስከ 30 ይቀንሳል፤ ሁለት ምት ይበቃዋል። ሮክ ቶም ግን እሱን የሚጎዳው ከ5 እስከ 7 ነው፤ ክሪቲካል ቢሆን እንኳ 15 ነው፣ ማንኪም 33 ኤችፒ አለው። ከጂም መሪ ጋር ከመግጠምሽ በፊት የምትጠይቂው ጥያቄ ይህ ነው፦ ክሪቲካል ቢመታኝ እተርፋለሁ? መልሱ «አልተርፍም» ከሆነ ያን ፖኬሞን ፊት አታቁሚው።

ሩት 22 ላይ ማንኪ ፋንታ ራታታ ቢወጣስ? ሩት 1 ላይ ራታታ ይዘሽ ከሆነ «የድጋሚ ሕግ» ይጠቅምሻል፦ ቀድሞ ያለሽ ዝርያ ሲወጣ እንደ መጀመሪያ ገጠመኝ አይቆጠርም፣ ቀጣዩን ትጠብቂያለሽ። ይህን ሕግ ግን ጌሙን ከመጀመርሽ በፊት ወረቀት ላይ ጻፊው። ራታታው ፊትሽ ቆሞ ሳለ የሚጨመር ሕግ ሕግ አይደለም። ሌሎቹንም አብረሽ ወስኚ፦ ቆጠራው የሚጀምረው ፖኬ ቦል (መያዣው ኳስ) እጅሽ ከገባ በኋላ ነው (ከዚያ በፊት የሣር ገጠመኝ አይቆጠርም)፤ ቀለሙ የተለየ ፖኬሞን ሁልጊዜ ይያዛል፤ በስጦታ የሚሰጥ ፖኬሞን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን አንቺ ትወስኛለሽ።

ጥያቄ፦ በቪሪዲያን ጫካ አሸንፌ ወጥቼ፣ ማንም ሳይነካው ፒጂዬ መንገድ ላይ ወደቀ። ሞቷል? (ከመንደራ)

መልስ፦ ሞቷል። ዊድል መርዞት ነበር። በሦስተኛው ትውልድ ጌሞች የተመረዘ ፖኬሞን በየጥቂት እርምጃው 1 ኤችፒ ያጣል፤ እየሄድክ ሳለ ይወድቃል። በአራተኛው ትውልድ 1 ኤችፒ ሲቀረው መርዙ ይለቀዋል፤ ከአምስተኛው ጀምሮ በመንገድ ላይ መርዝ አይጎዳም። አንቲዶት (የመርዝ ማርከሻው) ዋጋው በጌሙ ገንዘብ 100 ነው፤ ጫካው ሳትገባ ሦስት ያዝ።

ጥያቄ፦ ኤመራልድ የተባለው ጌም ላይ አምስተኛው ጂም፣ የመሪው የኖርማን ፖኬሞን ስሌኪንግ ቡድኔን ጨረሰው። ፓራላይዝ (ሽባ) አድርጌው ነበር፣ ጭራሽ ባሰበት። (ወንድማችሁ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ)

መልስ፦ የባሰበት በፓራላይዙ ምክንያት ነው። ስሌኪንግ ፋሳድ የሚባል ጥቃት አለው፤ ኃይሉ 70 ነው፣ ነገር ግን ተጠቃሚው ሲመረዝ፣ ሲቃጠል ወይም ፓራላይዝ ሲሆን 140 ይሆናል። ጤነኛ ሳለ እንኳ መካከለኛ ጉልበት ያለውን የሌቭል 30 ፖኬሞን 82 ኤችፒ ከነበረው 56 እስከ 67 ይወስድበታል። እጥፍ ሲሆን በአንድ ምት ይጥለዋል። ስለዚህ መርዝም ፓራላይዝም አትሞክርበት። ማቃጠል ብቻ የተለየ ነው፤ በዚህ ትውልድ ማቃጠል የአካል ጥቃቱን በግማሽ ስለሚቀንሰው ፋሳዱ ባለበት ይቆያል።

ድክመቱ ስንፍናው ነው፤ አንድ ተራ ይመታል፣ ቀጣዩን ተራ ይዝላል። እንደገባ የመጀመሪያው ተራ የመምቻው ነው። በዚያ ተራ ፕሮቴክት (የጠላትን ምት የሚመክተውን) ተጠቀም፣ በቀጣዩ ምታ፣ ከዚያ ድገመው። ፕሮቴክት በተከታታይ ሲደጋገም ይከሽፋል፤ በመካከሉ ጥቃት ካስገባህ ግን አይከሽፍም። የተመታውን መልሶ የሚመታበትን ካውንተሩንም፣ የሚያስተኛውን ያውኑንም በዚሁ ታመክናለህ። ፕሮቴክትን በሌቭል ከሚማሩት አንዱ ኮርፊሽ ነው።

ከሩት 114 የሚገኘው ዲግ (መሬት ቆፍሮ የሚገባበት ጥቃት) ም ያው ዘዴ ነው፦ እሱ ሲመታ አንተ ከመሬት በታች፣ እሱ ሲዝል አንተ ላይ። ይህ የሚከሽፈው በፍጥነት ነው። ስሌኪንግ ሆዳም ቢመስልም ፈጣን ነው፣ ሌቭል 31 ላይ ፍጥነቱ ወደ 70 ይጠጋል። ያንተ ከዚያ ካነሰ መሬት ሳትገባ ይመታሃል። ፕሮቴክት ግን ፍጥነት ሳያይ ይቀድማል፤ እኛም እሱን እንመርጣለን።

ሦስተኛው መንገድ ሴብልአይ ነው። መንፈስ ስለሆነ ፋሳድም ካውንተርም አይነካውም፤ የሚጎዳው ፌይንት አታክ ሲሆን ከ22 እስከ 26 ይቀንስበታል፤ ሌቭል 30 ያለ ሴብልአይ ደግሞ 70 ገደማ ኤችፒ አለው። የሚገኘው ግራኒት ዋሻ ታችኛው ፎቅ ላይ ነው። ዋሻው እንደ አንድ አካባቢ ስለሚቆጠር ላይኛውን ፎቅ በሪፔል እለፈው፦ ሪፔል 100 እርምጃ ይቆያል፣ የሚያርቀውም ከፊተኛው ፖኬሞንህ በሌቭል የሚያንሱትን ነው። ታች ስትደርስ እንዲያልቅ አድርግና የመጀመሪያ ገጠመኝህን እዚያ ፈልግ። ሴብልአይ ለመውጣቱ ዋስትና የለም፤ ዕድሉ ግን ከላይኛው ፎቅ ይሻላል፣ እዚያ ጭራሽ የለምና።

ጥያቄ፦ ፖኬሞኖቼን በጣም ስለማሳድጋቸው ጨዋታው ቀለለብኝ። የሌቭል ገደብ እንዴት ነው የሚቀመጠው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ገደቡ የቀጣዩ ጂም መሪ ትልቁ ፖኬሞን ሌቭል ነው። በኤመራልድ በቅደም ተከተል 15፣ 19፣ 24፣ 29፣ 31፣ 33፣ 42፣ 46፣ ከዚያ እስከ ሻምፒዮኑ 58። በፋየርሬድ 14፣ 21፣ 24፣ 29፣ 43፣ 43፣ 47፣ 50፣ ከዚያ 63። ኤመራልድ ላይ የሚያስቸግረው ከ29 እስከ 33 ያለው ነው፤ መንገድ ላይ ያሉት አሠልጣኞች ብዙ ስለሆኑ ስድስቱን እያፈራረቅህ ካላስገባህ አንዱ ቶሎ ያልፋል። ለውጊያው ከገደቡ አንድ ዝቅ ብለህ ግባ፤ በውጊያው መካከል ሌቭል ሊወጣ ይችላልና።

ለሥልጠና ጊዜ የሌላቸው ሬር ካንዲ (ያለ ውጊያ ሌቭል የሚያወጣ ዕቃ) ይጠቀማሉ። ነውር አይደለም፣ ነገር ግን ካንዲ የሥልጠና ነጥብ አይሰጥም። በውጊያ ያደገ ፖኬሞን በአንድ ባሕርይ (እንደ ጥቃት ወይም ፍጥነት) እስከ 255 የሥልጠና ነጥብ ይሰበስባል፤ ያ ሌቭል 50 ላይ 31 ነጥብ ጭማሪ ነው። በካንዲ ብቻ ያደገው ይህን አያገኝም። ገደብ ካደረግህ አይቀር የውጊያውን ስልት ከኦፕሽን ውስጥ ከ«ሺፍት» አውጣው፤ ጠላት ፖኬሞን በለወጠ ቁጥር በነጻ መቀየር ግማሹን ፈተና ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ላይ እየተጫወትኩ ጂም መሪ ጋር ሳለሁ መብራት ሄደ። ሁለት ሞተውብኝ ነበር። ስከፍተው ከውጊያው በፊት ነኝ፣ ሁለቱም አሉ። (ከሂርማታ)

መልስ፦ ሁለቱ ሞተዋል። ሞታቸውን አይተሃል፤ የጂም መሪውን ቡድንም አብረህ አይተሃል። በሕይወት የነበሩት አራቱ ይግቡ። መብራት የሄደው ማንም ሳይሞት ከሆነ ውጊያውን እንደ አዲስ ጀምር። ይህ የእኛ ፍርድ ነው፤ ሌላ ፍርድ ከመረጥክ መብራት ሳይሄድ በፊት ምረጠው።

ስለ ሴቭ ደግሞ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። ጌሙ ውስጥ ካለው ሴቭ ሌላ ኢሙሌተሩ (ጌሙን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተው ፕሮግራም) የራሱ ቅጽበታዊ ሴቭ አለው። በአብዛኞቹ ኢሙሌተሮች አሮጌውን ቅጽበታዊ ሴቭ ስትከፍት፣ በውስጡ ያለው አሮጌ የጌም ሴቭ አዲሱን ይደመስሰዋል። የብዙ ሰው የሳምንታት ጉዞ የጠፋው እንዲህ ነው። ስለዚህ በጌሙ ሴቭ ብቻ ተጫወት፣ ሲከፈት በራሱ የሚጭነውን ምርጫ አጥፋው፣ ከየጂሙ በኋላም የሴቭ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጠው። በካርትሪጅ የምትጫወቱ፦ ኤመራልድ «ባትሪው አልቋል» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የሚቆመው ሰዓቱና ከሰዓት ጋር የተያያዘው እንደ ቤሪ ማደግ ያለው ነገር ነው፣ ሴቩ አይጠፋም። ፋየርሬድ ይህ ሰዓት የለውም።

ጥያቄ፦ ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል? (ከጅሬን)

መልስ፦ በፊደላችን አይቻልም፤ በላቲን ፊደል እስከ 10 ቁምፊ ነው። «አባ ጅፋር» ክፍተቱን ጨምሮ 9 ቁምፊ ስለሆነ ይገባል። እኛ የምንመክረው አንድ ወገን ስሞችን መምረጥ ነው፦ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጌራ፣ ማና፣ ደዶ፣ ሰቃ፣ ቀርሳ፣ ሶኮሩ። እነዚህ ከጅማ ዞን ወረዳዎች የተወሰዱ ስሞች አጫጭር ናቸው፤ ማን እንደሞተ ማን እንደተረፈም ለማስታወስ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ይህን ጨዋታ ከታላቆቹ ተማረና ፖኬሞኑ «ሞተ» ብሎ ሲለቅ ያለቅሳል። ልከልክለው? (አባት፣ ከአጋሮ)

መልስ፦ መከልከል አያስፈልግም፣ ሕጉን ያቅልሉለት። በመጀመሪያ፣ የሞተውን መልቀቅ ግዴታ አይደለም። ጌሙ ውስጥ ባለው የፖኬሞን ማስቀመጫ ኮምፒውተር 14 ሳጥኖች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 30 ይይዛሉ፤ የመጨረሻውን ሳጥን ስሙን ለውጦ ለሞቱት ያድርገው። ሁለተኛ፣ ጂም ባሸነፈ ቁጥር አንዱን ከዚያ ሳጥን እንዲያወጣ ይፍቀዱለት። ስምንት ጂም ስላለ ስምንት ዕድል አለው፤ ማንን እንደሚያወጣ መምረጡ ራሱ ያሳስበዋል። ሕጉን ሲለምድ ዕድሉን ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ያውርደው። ከሻምፒዮኑ በኋላ ሳጥኑን በሙሉ ከፍቶ ሁሉንም መልሶ ሊጫወትባቸው ይችላል፤ ካልለቀቃቸው አልጠፉም።