«ሰውነቱ ለመደው» ስለተባለው ወንድምሽ

እህቴ፣ «ቫይራል ሎዱ (በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከ1,000 በላይ ወጣ፣ ሰውነቱ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ለምዶታል ተባልን፤ መጠኑን ቢጨምርስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ልመልስልሽ። ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ይህን መድኃኒት ሳድል ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ «ሰውነቴ ለመደው» የማይለኝ ሰው የለም። ከተለመደም የሚላመደው ቫይረሱ ነው እንጂ የወንድምሽ ሰውነት አይደለም። ስለዚህ በራሱ ክኒን እንዳይጨምር።

ቫይረሱ ሲራባ ወደ 9,700 ፊደል የሚሆን ዘረመሉን ይገለብጣል። የሚገለብጥለት ኢንዛይም (ሥራውን የሚያካሂድለት ፕሮቲን) አራሚ የለውም፤ ብራና ገልብጦ ሳያመሳክር እንደሚያስረክብ ጸሐፊ በየቦታው ይስታል። መድኃኒት በማይወስድ ሰው ውስጥ ደግሞ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት ራሱን ቫይረሱን ይጎዳዋል፤ አንዳንዷ ግን መድኃኒቱ የሚሠራበትን ቦታ ትለውጣለች። ለምሳሌ በኢንዛይሙ 184ኛ ቦታ ላይ ያለው ሜቲዮኒን የተባለ የፕሮቲን ቅንጣት ቫሊን በተባለ ሌላ ቅንጣት ከተተካ፣ ላሚቩዲን የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉልበት ያጣል። ስህተቷን መድኃኒቱ አልፈጠራትም፤ ሌሎቹን ሲያግድ ሜዳው ለእሷ ቀረ እንጂ። ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ የሚሰጠውም አንዱን ያመለጠውን ሌሎቹ እንዲይዙት ነው።

ድሮ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ክኒኑን ቤት ትቶ ሞያሌ ሦስት ሳምንት ከረመ። የሚወስደው ዚዶቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪረንዝ ነበር። ሁለቱ ቶሎ ከሰውነት ሲወጡ ኤፋቪረንዝ ብቻውን ለቀናት ይቆያል፤ እንዲህ ባለው ክፍተት የዚያው ኢንዛይም 103ኛ ቦታ የተለወጠበትና ኤፋቪረንዝ የማይዘው ቫይረስ ሾልኮ ይበዛል። የዘረመል ምርመራ ስላልተሠራለት የትኛው እንዳመለጠ አላየንም። ከተመለሰ በኋላ ግን ሳያዛንፍ እየወሰደም ቫይረሱ አልወርድ ብሎ ወደ ሁለተኛ መስመር መድኃኒት (የመጀመሪያው አልሠራ ሲል ወደሚሰጠው) ተዛወረ።

ወንድምሽ አሁን በብዛት የሚሰጠውን ዶሉቴግራቪር ያለበትን ከሆነ የሚወስደው፣ እኔ «ተላመደ» ለማለት አልቸኩልም። ይህን መድኃኒት ቫይረሱ በቀላሉ አያመልጠውም። መጀመሪያ ሳትቆጪው ጠይቂው። ይዘላል? ጸበል ገብቶ አቋርጦ ነበር? (እኛ እንቆጣለን ብለው ይህን ይደብቁናል፤ ጥፋቱ የእኛም ነው።) አልሙኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ፣ አይረን ወይም ካልሲየም አብሮ ይውጣል? እነዚህ ዶሉቴግራቪርን አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ ዶሉቴግራቪሩን እነዚህን ከመውሰዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም ከወሰዳቸው 6 ሰዓት ቆይቶ ይውሰድ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ከጀመረ ደግሞ ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለቴ መሆን አለበት፤ ያን የሚያዝለት ሐኪሙ ነው።

ከዚያ ሦስት ወር ሳያዛንፍ ወስዶ ይመርመር። ያኔም ካልወረደ ስለ መቀየር የምትነጋገሩት ያን ውጤት ይዛችሁ ነው።